ሐኪሙ ሲጠይቁኝ ባለቤቴ አጠገቤ ነበር

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ካገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ፣ እስካሁን ግን አላረገዝኩም። ባለፈው ወር የማህፀን ቱቦ ራጅ ተነሥቼ ‹የግራው ቱቦ ጫፉ ተዘግቶ ውሃ ቋጥሯል፣ በቀኙ መድኃኒቱ በዝግታም ቢሆን አልፏል› ተባልኩ። ሐኪሙ ‹ከዚህ በፊት የአባላዘር በሽታ ታክመሽ ታውቂያለሽ?› ብለው ሲጠይቁኝ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ‹ኧረ በጭራሽ› አልኩ። ዋሸሁ። ኮሌጅ ሳለሁ፣ በ20 ዓመቴ፣ የወንድ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ከእምብርቴ በታች ክፉኛ አመመኝ፤ ትኩሳትና ፈሳሽም ነበረኝ። ለማንም ሳልናገር ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቼ ሦስት ቀን ዋጥኩና ሲሻለኝ ተውኩት። በዚያው ዓመት ፖስት ፒል አራት አምስት ጊዜ ወስጃለሁ። ማህፀኔን ያበላሸው የትኛው ነው? ለባለቤቴስ ልንገረው? እሱ ‹እኔ ጤነኛ ነኝ› ብሎ አልተመረመረም። አማቴ ቡና ላይ ‹ያላፈራ ዛፍ ይቆረጣል› ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ «ዋሸሁ» የምትለው ቃል ያዘችኝ። ለብዙ ዓመታት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ ያንን ጥያቄ እኔም ጠይቄያለሁ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ «አዎ» ያለችኝ ሴት አንዲትም አላስታውስም። ጥፋቱ የመላሿ ሳይሆን የጠያቂው ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በር ተዘግቶ፣ ታካሚና ሐኪም ብቻ ባሉበት የሚጠየቅ ነው። በዚያች «በጭራሽ» ራስሽን አትቅጪ። መልሱ መታረም አለበት፣ እሱ ግን ከባድ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ፖስት ፒልን ከጥርጣሬሽ ላውጣልሽ። በውስጡ ያለው ሆርሞን የሚያደርገው የእንቁላሉን መውጫ ቀን ማዘግየት ነው። ሥራውን ጨርሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ቱቦ አይዘጋም፤ ሰዎች እንደሚሉት ማህፀን አያደርቅም። የሦስት ወር መርፌም ቢሆን እንዲሁ ነው። መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ አሥር ወር ገደማ ይፈጅባታል፤ ይህ መዘግየት እንጂ መካንነት አይደለም። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወዲያው መከላከያ ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንቷ ሴት ራሷን ስትወቅስ እንደኖረች አይቻለሁ። በፖስት ፒልና በቱቦሽ መካከል ግንኙነት ካለ ይህ ብቻ ነው፦ ፖስት ፒል እርግዝናን እንጂ በሽታን አይከለክልም፤ እሱን የወሰድሽባቸው ቀናት ደግሞ ኮንዶም ያልነበረባቸው ቀናት ናቸው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ከእምብርት በታች የሚጨመድድ ሕመም፣ ትኩሳትና ፈሳሽ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት በማህፀን አንገት ላይ የነበረ ኢንፌክሽን ወደ ላይ፣ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ መውጣቱን ነው። በተለይ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፤ ጨብጥና ክላሚዲያ። ጨብጥን ሁሉም ያውቀዋል። ወንዱ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ይወጣዋል፤ ስለዚህም ጥንት ስም ወጥቶለታል። በጠራራ ፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ የሸና ሰው ይይዘዋል እየተባለም ሲነገር አድገናል። ክላሚዲያ ግን የአማርኛ ስም እንኳን የለውም። ከወገኖቹ አንዱ ብሽሽት ላይ እያበጠ ባምቡሌ የሚባለውን ያመጣል፤ እሱ ስለሚታይ ስም አገኘ። ያኛው ዝምተኛው ግን ማንንም ሳያስጮህ ስለሚኖር ስም የሚያወጣለት አላገኘም። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያዩም። ጨብጥም ቢሆን በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት በዚህ ቦታ ፍርደ ገምድል ይሆንብኛል፤ እዚህ የሚሸሸገው በሽተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነውና።

ስለ ቱቦው ብዙ ሰው ስለማያውቅ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። የማህፀን ቱቦ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመካከለኛ ጣትሽ ጥቂት ቢረዝም ነው። ወደ ማህፀን በሚገባበት ቦታ ያለው ቀዳዳ ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ነው፤ ወፍራም ክር በጭንቅ ያልፍበታል። የውስጡ ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮች አሉት። ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየተወዛወዙ እንቁላሉን ወደ ማህፀን ይገፉታል። ወንዴና ሴቴ ዘር የሚገናኙትም እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው፤ ፅንሱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈውም እዚያው ነው። ኢንፌክሽን ሲገባ ሰውነት ይዋጋል፤ በውጊያው መካከል ፀጉሮቹ ይረግፋሉ፣ ግድግዳው ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ግድግዳውን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ወይም ጫፉን ይዘጋና ፈሳሽ ውስጡ ይጠራቀማል። ያንቺ የግራው ቱቦ የሆነው ይህ ነው። በራጁ ላይ አይተሽው ከሆነ፣ ማህፀንሽ ነጭ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ከሁለቱ ማዕዘኖቹ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። ጤነኛው ክር ጫፉ ላይ ሲደርስ ለራጁ ብለው ወደ ማህፀንሽ የረጩት መድኃኒት እንደ ጭስ ይበተናል፤ የተዘጋው ግን ጫፉ እንደ ቋሊማ አብጦ ይቀራል።

መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል እንጂ የረገፈውን ፀጉር አይመልስም፣ ጠባሳውንም አይፍቅም። ለዚህ ነው ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ለቆሽ ጉዳቱ ዘጠኝ ዓመት የቆየው። ያኔ የዋጥሽው ኪኒን ምን እንደነበር አልጻፍሽልኝም፤ ምንም ይሁን ምን ግን ሦስት ቀን ለዚህ በሽታ በቂ አይደለም። ዛሬ ሕክምናው በመርፌ ተጀምሮ በሁለት ዓይነት ኪኒን ለ14 ቀናት ይቀጥላል፤ ከአንድ በላይ ጀርም አብሮ ስለሚኖር ነው። ጨብጥ ደግሞ ድሮ ይገድሉት ለነበሩት ለፔኒሲሊንም ለቴትራሳይክሊንም እጁን መስጠት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ መስኮት ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ልታውቅልሽ አትችልም ነበር። አንቺም በ20 ዓመትሽ፣ ከቤተሰብ ርቀሽ፣ የምታምኚው አንድ ሰው ሳይኖርሽ፣ ከዚያ የተሻለ መንገድ አልታየሽም። ያቺን ልጅ አሁን ቆመሽ አትውቀሻት።

ቁጥር ልንገርሽ፤ ስለሚያስፈራ ሳይሆን ስለሚያረጋጋ። በስዊድን ሉንድ በምትባል ከተማ ሐኪሞች ይህ ኢንፌክሽን ኖሯቸው የታከሙ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱን አሳትመው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ከታመሙት ከ100 ሴቶች በቱቦ መዘጋት ምክንያት ልጅ ያጡት 8 ነበሩ። ሁለት ጊዜ ከታመሙት ወደ 20፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት ደግሞ 40 ሆኑ። ሁለት ነገር ከዚህ ይነበባል። አንደኛው፣ አንድ ጊዜ ታምሞ የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይወልዳል። ሁለተኛው፣ በየጊዜው ተመላልሶ መያዝ ጉዳቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተው ወደ ሕክምና የሄዱት ቶሎ ከሄዱት ይልቅ በሦስት እጥፍ ገደማ ለመውለድ ችግርና ከማህፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና መጋለጣቸውን አሳይቷል። እህቶች ያሏችሁ፣ ኮሌጅ የላካችኋት ልጅ ያለቻችሁ አንባቢዎች ይህችን «ሦስት ቀን» ንገሯቸው። ከእምብርት በታች ሕመምና ትኩሳት ከመጣ ሳምንት አይጠበቅም።

ፈሳሽ ሁሉ ግን የአባላዘር በሽታ አይደለም። የሚያሳክክና እንደ አይብ የተቋጠረ ነጭ ፈሳሽ በአብዛኛው ፈንገስ ነው፤ ቱቦም አይነካም። ፈሳሽ ባዩ ቁጥር ውስጣቸውን በሳሙና ወይም በሎሚ የሚታጠቡ ሴቶች አሉ፤ ይህ ጠባቂ የሆኑትን ጀርሞች አጥቦ ያወጣና በሩን ለሌላው ይከፍታል። አይጠቅምም፣ ይጎዳል።

አሁን አንድ ነገር በጥብቅ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። የቱቦ መዘጋት ስለ አመጣጡ ማስረጃ አይሰጥም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣው ጀርም ወደ ማህፀንና ቱቦ ወርዶ ጠባሳ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ሳል የሚባል ነገር ያላየች ሴት ላይ እንኳን። የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ከወሊድ በኋላ የገባ ኢንፌክሽን፣ ንጽሕና በጎደለው መንገድ የተደረገ ውርጃ ሁሉ ያው ራጅ ላይ ያው ምስል ሆነው ይታያሉ። አንቺ በጻፍሽልኝ ታሪክ ምክንያት የኮሌጁ ሕመም ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ማለት ግን ማንም አይችልም። ራጁን አይተው «ይህች ሴት እንዲህ ነበረች» የሚሉ ሰዎች ካጋጠሙሽ ጆሮሽን ንፈጊያቸው፤ ራጅ የጠባይ ምስክር አይደለም።

ለባለቤቴ ልንገረው ወይ ላልሽው፣ እኔ ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ከጋብቻ በፊት ማንን እንደወደድሽ የመናገር ግዴታ የለብሽም። ልትነግሪው ከፈለግሽ በራስሽ ጊዜና በራስሽ ቃል ትነግሪዋለሽ፤ አልነገርሽውም ብሎ ግን ሕክምናሽ አይቆምም። ሐኪሙ ማወቅ ያለባቸው ሌላ፣ ባልሽ ማወቅ ያለበት ሌላ ነው። ሐኪሙ ከአንቺ የሰሙትን ለባልሽ የመናገር መብት የላቸውም፤ ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።

አሁን በምርመራ ጀርም ከተገኘብሽ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ እሱም የግድ ያውቃል፣ የግድ ይታከማል፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን። ሁለታችሁም መድኃኒቱን ጨርሳችሁ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳትገናኙ ትቆያላችሁ። በዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለኝ። እሠራበት በነበረው ጤና ጣቢያ ለታከመች ሴት ሁሉ ለባሏ የምትሰጠው ትንሽ የጥሪ ወረቀት እንሰጣት ነበር። አንዲት ወጣት በአንድ ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ሕመም ሦስት ጊዜ መጣች። ሦስት ጊዜ ታከመች፣ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ተቀበለች። ለሦስተኛ ጊዜ በመጣችበት ቀን ማታ ክፍሉን ሳጸዳ፣ ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ሥር፣ የጥፍር ያህል እስኪያንስ ድረስ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከበር ሳትወጣ ጥላው ነበር የምትሄደው። እቤቷ ይዛው ብትገባ ምን እንደሚጠብቃት የምታውቀው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ብቻ ሰጥቼ የሸኘኋት ሴት የለችም፤ «ማን ይንገረው? አንቺ ወይስ እኛ?» ብዬ እጠይቅ ጀመር። አንቺም ባልሽ እንዲህ ባለ ነገር እጁን ያነሣል ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሁለታችሁን አስቀምጠው እንዲነግሩት ጠይቂ።

ደግሞም ጀርም ቢገኝ «ማን አመጣው» ወደሚል ፍርድ ቤት እንዳትገቡ። እነዚህ ጀርሞች ካልታከሙ ለወራት ሳይታወቁ ሊቀመጡ ይችላሉ። ክላሚዲያ ወንዱንም ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳየውም። ምርመራው ጀርሙ አሁን መኖሩን ይነግራል እንጂ የገባበትን ቀን አይነግርም። ስንት ትዳር በዚህ ክርክር ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ሊታወቅ በማይችል ነገር ላይ።

ምርመራውን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች የሚያክሙት በምልክት ላይ ተመሥርተው ነው። ይህ ሕመም ላላት ሴት ይጠቅማል፤ ምልክት የሌላት ግን በወንፊቱ ታልፋለች። ስለዚህ የሽንት ወይም የማህፀን አንገት ናሙና ተወስዶ ክላሚዲያንና ጨብጥን በዘረ መል የሚለይ ምርመራ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ካለ ሐኪምሽ እንዲልኩሽ ጠይቂ። ኤችአይቪና ቂጥኝም አብረው ይታዩ። ቂጥኝ ቱቦ አይዘጋም፤ ነገር ግን ያረገዘች ሴት ላይ ካልታከመ ፅንሱን ሊገድል ስለሚችል ከእርግዝና በፊት ማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕክምናውም ቀላል ነው። ኤችአይቪ ያለባት እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች፤ እንዲህ ያሉ ልጆችን በገዛ እጄ ተቀብያለሁ።

ስለ ባለቤትሽ «ጤነኛ ነኝ» ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ልጅ ያልመጣላቸው ጥንዶች ሲመረመሩ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ችግሩ በወንዱ በኩል፣ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። ጨብጥና ክላሚዲያ የወንዱንም የዘር ማስተላለፊያ ሊዘጉ ይችላሉ። አንቺ አልጋ ላይ ተኝተሽ፣ በማህፀንሽ መድኃኒት ተረጭቶ፣ እያመመሽ ራጅ ተነሥተሻል። እሱ የሚጠበቅበት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ዘሩን በዕቃ መስጠት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን መደረግ የነበረበት ቀላሉ ምርመራ ይህ ነበር። ፊቱ ደህና መሆኑ፣ ጉልበቱ መበርታቱ፣ በአልጋ ላይ ምንም አለመጉደሉ ስለ ዘሩ ብዛትና እንቅስቃሴ አንዳች አይናገርም። «ሐኪሙ ያለ አንተ ውጤት ወደ ሌላ ሕክምና አንሄድም ብለዋል» በዪው፤ ደግሞም ማለታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ተስፋሽ። 29 ዓመት በዚህ ጉዳይ ጥሩ ዕድሜ ነው። በቀኝ ቱቦሽ መድኃኒቱ አልፏል፤ አንድ ክፍት ቱቦ ይዘው በተፈጥሮ መንገድ ያረገዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ራጁም ራሱ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በምርመራው ጊዜ ቱቦው በመኮማተሩ ብቻ የተዘጋ ወይም የጠበበ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አስፈላጊ ከሆነ በእምብርት በኩል ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በካሜራ ይረጋገጣል። የግራው ቱቦ ግን ዝም ብሎ የሚተው አይደለም። ውስጡ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየተንጠባጠበ ፅንስ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ያንን ቱቦ ማውጣት ወይም ከማህፀን ጋር በሚገናኝበት ቦታ መዝጋት ሊመክሩሽ ይችላሉ። ሲሉሽ አትደንግጪ፤ «ያለኝንም ሊወስዱብኝ ነው» ብለው ከዚህ ምክር የሸሹ ሴቶች አሉ። የታመመውን ቱቦ ማውጣት ለጤነኛው ዕድል መስጠት ነው፤ በተለይ በኋላ አይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ማህፀን ውስጥ የማኖር ሕክምና፣ ካስፈለገሽ ፈሳሽ የቋጠረ ቱቦ እያለ የማርገዙ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አይቪኤፍ መጀመሪያ የተሠራው ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ? በትክክል ለአንቺ ዓይነት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በምትባል ከተማ የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እናት ሌስሊ ብራውን ሁለቱም ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞክራ አልተሳካላትም ነበር። እንቁላሉን ከቱቦው ውጭ አገናኝቶ ማህፀን ውስጥ ማኖር የታሰበው መንገዱ ስለተዘጋ ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ወረፋና ወጪ አለው፣ በአንድ ሙከራም ላይሳካ ይችላል፤ ቢሆንም እናቶቻችን ያላገኙት በር ነው። አንቺ ግን ገና እዚያ አልደረስሽም። አንድ ክፍት ቱቦ ላላት ሴት አይቪኤፍ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

ይህን አንቀጽ ደግሞ ከደብዳቤው ቀድደሽ ቦርሳሽ ውስጥ ብታስቀምጪው እወዳለሁ። ጠባሳ ያለበት ቱቦ ፅንሱን መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ያኔ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ፣ በቱቦው ውስጥ ያድግና ቱቦውን ያፈነዳዋል። በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ስለዚህ የወር አበባሽ በቀረ ሳምንት ተመርመሪ፤ እርግዝና ከተገኘ «ቱቦዬ ታምሞ ያውቃል» ብለሽ ተናገሪና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ ቦታው ይረጋገጥልሽ። በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ደም መታየት፣ ራስ መዞር ወይም ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሁለቱን ቱቦዎችሽን የመረመሩት ሐኪም ላይኖሩ ይችላሉ፤ ተረኛው ሐኪም ታሪክሽን የሚያውቀው ከአንቺ አፍ ብቻ ነው።

አማትሽን በተመለከተ፤ በሠርጋችሁ ቀን «ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ» ብለው የመረቁት እሳቸው ይሆናሉ። የልጅ ልጅ መናፈቅ ክፉ ምኞት አይደለም። ሰውን ከዛፍ ጋር ማመሳሰል ግን ክፉ ንግግር ነው፤ ይህን ሊነግራቸው የሚገባው ልጃቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም። «እናቴ፣ ሁለታችንም ሕክምና ላይ ነን» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእሱ አፍ ብትወጣ የቡናው ወሬ ይለወጣል። «ሁለታችንም» የምትለዋ ቃል ትኑርበት።

ማህፀን ይታሽልሽ፣ ቅጠል ይታጠንልሽ፣ ከታች የሚገባ መድኃኒት አለ የሚሉሽ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም፤ ምናልባት መጥተዋል። ውሃ የቋጠረ ቱቦ በመታሸት አይከፈትም፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ደግሞ አዲስ ኢንፌክሽን ይዞ ሊገባ ይችላል። አሁን የምንጠብቀው ያንን አንድ ቀኝ ቱቦ ነው፤ በእሱ ላይ ቁማር አንጫወትም። ጠበል ከሄድሽ ሂጂ፣ ተጠመቂ፣ ጸልዪ፤ መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለሌላውም መድኃኒት ያው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት 30 ስትሞይ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጊ፤ እሱን የሚያመጣው ቫይረስም በግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ታናሽ እህት ካለችሽ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት የሚሰጠው ክትባት እንዳያመልጣት ጠይቂ።

አሁን የቀረው ያ መልስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻሽን ቀጠሮ ያዢ። ባልሽ አብሬሽ ልምጣ ካለ ይምጣ፣ ግን ተራሽ ሲደርስ «እዚህ ጠብቀኝ፣ የሴት ምርመራ ነው» በዪውና ግቢ። ራጁን ከነፖስታው ይዘሽ ሂጂ። ያኔ የዋጥሽው ኪኒን ስሙ ወይም መልኩ ትዝ ካለሽ፣ ሕመሙ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደነበር በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይረሳል። በሩ መዘጋቱን እይ። ከዚያ ሐኪሙን እንዲህ በያቸው፦ «ባለፈው የጠየቁኝን በትክክል አልመለስኩልዎትም። በ20 ዓመቴ ታምሜ ነበር።»